አምባሰልና አድማጮቹ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ ሎጎ የሚባለው ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል፤ በዚያም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የአምባሰል ምድር ይመጣል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌም በዚሁ ትገኛለች። ለታሪክ ተማሪ ይህ አገር የገዳምና የውል አገር ነው። ክራር ለሚቃኝ ሰው ግን አምባሰል ማለት አምስት ድምፆች ናቸው።

ስለ እነዚህ አምስት ድምፆች በሙዚቃ ትምህርት ቤት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ተጫዋቾቻቸውም እንዲሁ። ስለ አድማጩ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። አዝማሪው ምን እንደ ዘፈነ ይነገራል፤ ሰሚው የትኛውን አሞግሶ የትኛውን እንደ ነቀፈ፣ በምንስ ሚዛን እንደ መዘነ የሚጠይቅ ብዙም አልተገኘም። የአምባሰል ዜማ ከማሲንቆ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ሬዲዮና ካሴት በተሸጋገረ ቁጥር ግን ዜማው ብቻ አልተለወጠም፤ የአድማጩ ሚዛንና የአድማጩ ቦታ አብረው ተለውጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ለውጥ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። አምባሰል የሚለው ቃል «አምባ» እና በዓረብኛ ማር ማለት የሆነው «ዐሰል» ተገጣጥመው የፈጠሩት ነው ሲባል በአገሬው አፍ ይሰማል። እውነቱን የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱት፤ ትርጓሜው ራሱ ግን የወሎን ጠባይ ይናገራል። አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ስም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንም የማይደነቅበት አገር ነው። ይህ የተራራ ስም ከጊዜ በኋላ የዘፈን ስም ሆነ፤ ዘፈኑ ደግሞ ስሙን ለቅኝቱ አወረሰ። ዛሬ አራቱ ቅኝቶች ተብለው የሚቆጠሩት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ሁሉም በመጀመሪያ የዘፈን መጠሪያዎች ነበሩ። ከእነርሱም ሁለቱ የወሎ አገሮች ስም ናቸው፤ ባቲ የደጋውና የቆላው ሰው በሰኞ ገበያዋ የሚገናኝባት ከተማ ናትና።

ይህ የስም ጉዞ ቀላል ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን አንድ አድማጭ ለአዝማሪው «አምባሰልን ተጫወትልኝ» ሲል አንድ የታወቀ ዘፈን፣ ከነአገሩ፣ ከነገደሉ፣ ከነናፍቆቱ መጠየቁ ነበር። የዛሬው ሙዚቀኛ ለጓደኛው «በአምባሰል እንጫወተው» ሲል የሚጠይቀው የአውታር አቃቃን ነው። «አምባሰልን» እና «በአምባሰል» በሚሉት ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ርቀት አንድ ፊደል ቢመስልም፣ አድማጮች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን ጉዳይ ሁሉ ይዟል። የመጀመሪያው አድማጭ ዘፋኙን የሚመዝነው በተናገረው ነገር ነው፤ ሁለተኛው በድምፆቹ ትክክለኛነት።

በማሲንቆው ዘመን አድማጭና ተጫዋች የተለያዩ ሰዎች እንኳ አልነበሩም ለማለት ይቻላል። በሠርግ ቤት፣ በጠጅ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ቶናው በረካው በሚጠጣበት ጉባኤ ውስጥ አዝማሪው ዜማውን ይይዛል እንጂ ግጥሙ ሁሉ የእርሱ አይደለም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ያቀብለዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማው ላይ ያኖረዋል። ስንኙ በቦታው ያለውን ሰው ሊያሞግስ፣ ሊጎሽም፣ የሄደ ወዳጅ ሊያስታውስ፣ ወይም ሰሙ ሌላ ወርቁ ሌላ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ የሚገባው መልእክት ሊሸከም ይችላል። አድማጩ የሰጠው ስንኝ ከአዝማሪው አፍ ሲመለስለት እንደ አዲስ ይሰማዋል፤ አዝማሪውም አንዲት ቃል ለውጦ ወይም ማረፊያውን አዘግይቶ ትርጉሙን የሚያዞርበት ጊዜ አለ። ሌላው አድማጭ ደግሞ በተራው መልስ የሚሆን ስንኝ ያቀብላል። ሙገሳውም ነቀፌታውም የሚነገረው እዚያው፣ ዜማው ሳይበርድ ነው። «እሰይ!» የሚል ካለ ስንኙ ይደገማል፤ ዝምታ ከሆነ አዝማሪው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

አምባሰል ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነበር። ዜማው በችኮላ የሚሄድ አይደለም፤ ከጭፈራው ይልቅ ወደ እንጉርጉሮው ያደላል። በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆው ብቻውን የሚናገርበት ሰፊ ቦታ አለ። ያ ቦታ የተጫዋቹ ማረፊያ ሲሆን የአድማጩ ማሰቢያም ነው፤ ቀጣዩ ስንኝ የሚዘጋጀው እዚያ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት አምባሰልን ማርዘም ወይም ማሳጠር በተጫዋቹ እጅ ብቻ አልነበረም። ጉባኤው የበሰለ እንደሆነ ዘፈኑ እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ፣ ጉባኤው የቀዘቀዘ እንደሆነ በጥቂት ስንኝ ሊያበቃ ይችላል።

የዚህን አገር ጆሮ የሠራው ማሲንቆ ብቻ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። የሐይቅና የአምባሰል ሰው በአንድ ወገን የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በሌላ ወገን መንዙማ ይሰማል፤ ብዙው ሰው ሁለቱንም ሲሰማ አድጓል። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ የሚነገርለት ምልክት አለው፤ ስሕተቱን ሊቁ ከመጽሐፉ ላይ ሊያሳይ ይችላል። መንዙማው ደግሞ መሪና ተቀባይ ያለው፣ በድቤና በጭብጨባ የሚሄድ ምስጋና ነው፤ በካሴት ዘመን ሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን የመሰሉ መንዙማ አቅራቢዎች ከወሎ አልፈው በመላው አገሪቱ ተሰምተዋል። በመሪና በተቀባይ መካከል ያለውን ልውውጥ የለመደ ጆሮ በአዝማሪው ጉባኤም ያንኑ ይጠብቃል። አምባሰል ምልክት የለውም፤ ስሕተቱን የሚያሳይ መጽሐፍም የለም። ምልክቱ የአድማጩ ትውስታ ነው። ያ ትውስታ ሲጠፋ ዳኛውም ይጠፋል።

የአድማጩ ሥልጣን በዚህ መጠን ቢሰፋም የተጫዋቹ ክብር ግን አብሮት እንዳልሰፋ መሸሸግ አይገባም። አዝማሪ ይወደዳል፣ ይሸለማል፤ በማኅበራዊ ደረጃ ግን ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። በገና ለምስጋና የተለየ ሲሆን ክራር የዓለማዊ ደስታ፣ እንዲያውም የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ተወቅሷል። የሙዚቃ ሊቁ ዶክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር በጻፉት ጥናት ርእስ ላይ ይህንኑ ስያሜ ማስፈራቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ሌሊቱን ሲያደምጡት አድረው ጧት የሚንቁት ባለሙያ ስለ ሥራው የሰነዘረው አስተያየት ተመዝግቦ ሊገኝ አይችልም። የቀድሞዎቹን የአምባሰል ተጫዋቾች ስም የማናውቀው ለዚህ ነው፤ ዜማው ደረሰን፤ ሰዎቹ በመንገድ ቀሩ።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው በበርሊን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የአውቶሞቢል ሙያ ሊማሩ ወደ ጀርመን የተላኩት፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ፣ እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ ማሲንቋቸውን ይዘው ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ። ነጋድራስ ተሰማ በግጥም ችሎታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በጨዋታ መካከል ለመጣ ነገር ወዲያው ስንኝ የሚመልሱ። በበርሊኑ ክፍል ውስጥ ግን «ተቀበል» የሚላቸው አልነበረም። ፊት ለፊታቸው የቆመው የድምፅ መቅጃው ቀንድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ባለ ማሲንቆ አድማጭ በሌለበት ለአድማጭ የዘፈነበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሸክላ የጥቂቶች ንብረት ሆኖ ቆየ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገር ቤቱን ዜማ ወደ መድረክ አመጡት። አድማጩም ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማ ውስጥ በረድፍ ተቀምጦ፣ አፉን ይዞ፣ ሲያበቃ እንዲያጨበጭብ ተደረገ። ከወሎ የመጣ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አምባሰልን ሲሰማ ስንኝ ለማቀበል ምላሱን ቢበላው የሚያስገርም አይሆንም።

እዚህ ላይ ወደ ካይሮ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የግብፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1934 ከተከፈተ በኋላ የኡም ኩልሱም ዝግጅት በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ሌሊት በቀጥታ ከአዳራሽ ይተላለፍ ነበር። ከእነዚያ ሌሊቶች በቀሩት ቅጂዎች ላይ የዘፋኟ ድምፅ ብቻውን አይደለም፤ አድማጩ ሲጮኽ፣ አንድን ሐረግ ድገሚልን ሲል፣ እርሷም እንደ ገና ተመልሳ በሌላ አካሄድ ስትለው ይሰማል። ቅጂው አድማጩን ጭምር ቀድቶታል። በአውሮፓ ደግሞ ሌላ መንገድ ተገኘ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረው «ግራሞፎን» የተባለ መጽሔት የአንድን ሲምፎኒ ልዩ ልዩ ቅጂዎች እያነጻጸረ፣ የትኛው መሪ የት ላይ እንደ ፈጠነ፣ የትኛው የት ላይ እንደ ከበደ የሚከራከሩ አንባቢዎችን አፈራ። እነዚያ አድማጮች የተጻፈ ኖታ በእጃቸው አለ፤ ክርክራቸው ተጫዋቹ ለኖታው ምን ያህል ታምኗል የሚል ነው። አምባሰል የካይሮውም ዕድል፣ የለንደኑም ኖታ አልነበረውም። ሸክላው ሲቀረጽ አድማጩ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር፤ የሚመሳከርበት ጽሑፍም አልነበረም።

የአገር ውስጥ የሸክላ ንግድ የሰፋው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ መብት ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ተጋፍቶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። የውጭው ፊሊፕስም ገበያውን ያዘ፤ በኋላ የካይፋው ዓሊ አብደላ ተከተለ። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ሲሆን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስትና ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ ዘፈን ነው። እኩለ ሌሊት ድረስ ይዘልቅ የነበረው አምባሰል ወደዚህ መጠን መቆረጥ ነበረበት። ምን ተቆረጠ? በስንኝና በስንኝ መካከል የነበረው ያ የማሰቢያ ቦታ ተቆረጠ። ስንኙም ጸና፤ ትናንት የተዘፈነው ዛሬም ነገም ያው ሆነ። ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ሰው የተሰጠ ስንኝ ለማንም ለሁሉም የሚሰጥ ሆነ።

ጉዳት ብቻ ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሸክላው ስም ሰጠ። ከዚያ በፊት «ያ አዝማሪ» ይባል የነበረው ባለሙያ አሁን ፎቶግራፉና ስሙ በልባሱ ላይ ታተመለት። በክብር ዘበኛ ያገለገሉት ካሣ ተሰማ፣ ከቴአትር መድረክ የመጡት አስናቀች ወርቁ፣ ሜሪ አርምዴም ክራራቸውን ይዘው በመላው አገሪቱ በስም የሚጠሩ ሰዎች ሆኑ። ቅጂው ተደጋግሞ ስለሚሰማም አዲስ ዓይነት አድማጭ ተፈጠረ፤ ሁለት ሰዎች ያንኑ ዘፈን በተለያየ ቤት ሰምተው በማግሥቱ ሊከራከሩበት ቻሉ። የካሣን ዝግ ያለና ከደረት የሚወጣ አዘፋፈን የሚመርጥ ከአስናቀች ጨዋታ አዋቂነትና ከቃላት አጣጣሏ ጋር ያነጻጽራል። አንዱ የክራሩን ጣት ይቆጥራል፤ ሌላው ግጥሙን ያስታምማል። ከዚህ በፊት በዚህ ዓይነት ለማነጻጸር ሁለቱን አዝማሪዎች በአንድ ሌሊት በአንድ ቤት ማግኘት ያስፈልግ ነበር።

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ይህን ክርክር ከከተማ ወደ ገጠር ወሰደው። የአድማጮች የዘፈን ምርጫ ዝግጅት ሲመጣ፣ የአድማጭ ስም ከነአገሩ በአየር ላይ ሲነገር፣ «ተቀበል» ባይነቱ በሌላ መልክ የተመለሰ መሰለ። ልዩነቱ አድማጩ የሚያቀብለው ስንኙን ሳይሆን የዘፋኙን ስም መሆኑ ነው። መምረጥ መግጠምን ተካ።

በዚያው ዘመን አምባሰል ከግጥሙ ጋር ጨርሶ የተለያየበት ሥራ ወጣ። የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ ባሳተሙት ሸክላ ላይ አምባሰልን በሳክስፎን ተጫወቱት። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን በማሰማት የታወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉ ባለሙያ ናቸው፤ ንፋሱን እንደ ጉሮሮ ይሰብሩታል፤ ድምፁን እንደ አንጎራጓሪ ያርገበግቡታል። ለግጥም አድማጩ ይህ ሥራ ፈተና ነው። አንደበት የሌለው አምባሰል አምባሰል ይባላልን? የሚባል ከሆነ ምኑ ነው አምባሰል ያደረገው? ጥያቄው ከሸክላው በፊት ሊነሣ አይችልም ነበር፤ አምባሰል ዘፈን ሳለ ያለ ቃል ሊታሰብ አይችልምና። በጌታቸው ሳክስፎን አምባሰል ቅኝት መሆኑ ተረጋገጠ።

ስለ ቅኝቱ እዚህ ላይ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ የአድማጮች ክርክር ያለዚህ አይገባምና። ከዶ ቢነሡ አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ናቸው። ከመነሻው ቀጥሎ ያለው ድምፅ የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁለት ሙሉ ድምፅ የሚያህል ዝላይ አለ፤ ወደ ላይ ሲቀጥሉም ያው ጥበትና ያው ስፋት ይደገማል። ጠባቡና ሰፊው እንዲህ ተጠጋግተው መቀመጣቸው ለዜማው ያን ተስቦ የሚለቀቅ ባሕርይ ይሰጠዋል። የሚያስገርመው ግን እነዚሁ አምስት ድምፆች ከሌላ ቦታ ሲነሡ አንዱ የትዝታ ዓይነት፣ ይኸውም ሐዘን የሚያጠላበት ሁለተኛው ትዝታ መሆናቸው ነው። ልዩነቱ ያለው መነሻውና ማረፊያው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አድማጭ «ይህ አምባሰል ነው» ሲል ሌላው «ትዝታ ነው እንጂ!» ቢለው ሁለቱም የደነቆሩ አይደሉም። ዘፋኙ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ እየጠበቁ ነው። ማረፊያውን የሚያሳስት ዘፋኝ በዚህ ጆሮ ፊት ምሕረት የለውም።

ማሲንቆ አንድ አውታር ያለው መሣሪያ በመሆኑ ጣቱ የፈለገበት ላይ ያርፋል፤ ጠባቡን ግማሽ ድምፅ ይበልጥ ማጥበብ ወይም ትንሽ ማስፋት ይችላል። ክራር እንደ ቅኝቱ ይቃኛል፤ ቅኝት መባሉም ከዚሁ ነው፤ ከአምባሰል ወደ ባቲ ለመሄድ አውታሮቹን እንደ ገና ማጥበቅና ማላላት ግድ ይላል። በፒያኖና በኪቦርድ ላይ ግን የድምፆቹ ርቀት አስቀድሞ ተወስኖ ተቀምጧል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ትውልድ አራቱን ቅኝቶች በዚህ ሚዛን ለይቶ ስለ ጻፋቸው ለማስተማርና ለማቀነባበር ተመቹ፤ ያለዚያ ሥራ ዛሬ ስለ ቅኝት መጻፍ አስቸጋሪ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል የተጻፈው ሚዛን ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ከአምባሰል ተራራ ሥር ያደገ ባለ ማሲንቆ ግማሽ ድምፁን በለመደው መንገድ ቢያጠበው፣ ትምህርት ቤት የገባው ጆሮ «ቅኝቱን ስቷል» ሊለው ይችላል። ባለ ማሲንቆው የሚመልሰው መልስ በየትኛውም ኖታ ላይ አልሰፈረም። የሳተው ማን እንደሆነ ለመወሰን ስሙን ለቅኝቱ ያወረሰው አገር ድምፅ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ግን ክርክሩ የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ያ ድምፅ በመጠኑ የተገኘው በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገሮች የየራሳቸውን የኪነት ቡድን ሲያቋቁሙ ነው። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን እንዳቆመ ሁሉ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ደሴ ላይ ተደራጀ። ማሪቱ ለገሰ የወጡት ከዚህ ቡድን ነው፤ ከዚያም በኋላ አምባሰል ሲነሣ በብዙ አድማጭ ጆሮ መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ የእርሳቸው ሆነ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሲወጣ ሳይሳሳ፣ ዝቅ ሲል ሳይደፈርስ፣ በጠባቡ ግማሽ ድምፅ ላይ እየተርገበገበ ይቆያል፤ ቃሉን የሚያወጡት በወሎ አማርኛ ለዛ ነው። የወሎ አድማጭ ለእኚህ ዘፋኝ ያደላው የሠፈር ልጅ በመሆናቸው ብቻ ነው የሚል ካለ ስቷል። የግጥም ወዳጁና የቅኝት ወዳጁ በአንድ ዘፋኝ ላይ የተስማሙበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በማሪቱ ላይ ግን ተስማምተዋል።

ቡድኑን የሚነቅፉም አልጠፉም፤ ነቀፌታቸውም ሊሰማ ይገባዋል። አምባሰል የአንድ ሰው እንጉርጉሮ ሳለ በመድረክ ላይ ተቀባይ፣ ጭፈራና የዘመናዊ መሣሪያ አጃቢ ተጨምሮለት ፍጥነቱ ጨመረ፤ የማሰቢያው ቦታ በእስክስታ ተሞላ። ነቀፌታው እውነት አለው። ቢሆንም ያ መድረክ ባይኖር ኖሮ ከወሎ ገጠር የወጡ ድምፆች ወደ ቅጂ የሚደርሱበት በር ጠባብ በሆነ ነበር።

በሩን ይበልጥ ያሰፋው ካሴት ነው። ሸክላ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ተቋርጦ ካሴት ቦታውን ሲይዝ፣ አንድ ቴፕ ያለው ሻይ ቤት ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃ ነበር። የሌሊት ሰዓት እላፊ የአዝማሪውን ሌሊት ባሳጠረበት ዘመን ካሴቱ በር ተዘግቶ የሚሰማ አዝማሪ ሆነ። ካሴት ይገለበጣል፤ ኦርጅናሉን የገዛ ለጎረቤቱ ያስገለብጣል፤ ቅጂው ከቅጂ ሲገለበጥ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ቴፑ ሲበላው በእስክሪፕቶ ይጠመጠማል። ገጹ ሠላሳ ደቂቃ የሚይዝ በመሆኑ የተቆረጠው የአምባሰል ርዝመት ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ነበር። አልተመለሰም። ገበያው በአንድ ካሴት ላይ ብዙ ዘፈን ለምዶ ነበርና ዘፈኑ በሸክላው ልክ እንደ ተሰፋ ቀረ። ይህ ሳይታሰብበት ያለፈ ትልቅ ጉዳይ ነው።

በዚሁ ዘመን ወሎ ተራበ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደረሰው በኋላ በ1977 ዓ.ም. የከፋው መጣ። ከወሎ ብዙ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ተወስዶ ሠፈረ። አገሩን ለቅቆ በማያውቀው ቆላ ለተቀመጠ ሰው አምባሰል የቅኝት ስም ሊሆን አይችልም። ተራራው ነው፤ ሐይቁ ነው፤ የቀረው ሰው ነው። «በአምባሰል» የሚለው አነጋገር በመጽሐፍ በጸናበት በዚያው ጊዜ «አምባሰልን» የሚለው በሰፈራ ጣቢያና በስደት ቤት አዲስ ትርጉም አገኘ። አንድ ቅጂ ለከተማው አድማጭ የድምፅ ውበት ሲሆን ለሠፋሪው የአገር መልእክት ነበር፤ ሁለቱ ስለ አንድ ካሴት ቢወያዩ ላይግባቡ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ አድማጩ ከአገርም ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ የድሮ ሸክላዎችን ወደ ሲዲ መለሰ፤ አስናቀች፣ ካሣና ጌታቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅጽ ወጣላቸው፤ የነጋድራስ ተሰማ የበርሊን ቅጂም ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ተሰማ። አማርኛ የማይሰማ አድማጭ ስለ ኢትዮጵያ ዘፋኞች አስተያየት መስጠት ጀመረ። ስለ ግጥሙ ምንም ሳያውቅ ስለ ድምፁ ይናገራል። አንዳንዱ አስተያየት ጥልቀት አለው፤ እኛ ለምደነው ያላስተዋልነውን የክራር አመታት ያስተውላል። ግን የሰምና ወርቁ ዘፈን ሰሙም ወርቁም ቀርቶ ዜማው ብቻ ሲወደድ፣ አድማጩ ከግማሹ ዘፈን ጋር እንደ ተዋወቀ ይቀራል።

በዚህ መንገድ መጨረሻ ላይ የቆመው ሥራ የፒያኖ ተጫዋቹ የግርማ ይፍራሸዋ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፍያ የተማሩት ግርማ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አልበማቸው ውስጥ «አምባሰል» የተሰኘ ለፒያኖ ብቻ የተደረሰ ሥራ አለ። ቃል የለውም፤ ማሲንቆም የለውም፤ ግማሽ ድምፁ በፒያኖው የተወሰነ ነው። በደንቡ ቢሄዱ የቀድሞው አድማጭ ይህን ሥራ ሊቀበለው አይገባም። ነገር ግን ደራሲው የመለሱት አንድ ነገር አለ። በሐረግና በሐረግ መካከል እጃቸውን አዘግይተው ድምፁ ብቻውን እንዲሰማ ይተዉታል። ከ45ቱ ሸክላ ጀምሮ ጠፍቶ የቆየው የማሰቢያ ቦታ በአውሮፓ መሣሪያ ላይ ተገኘ። ግጥም የለመደ አድማጭ በዚያ ክፍተት ውስጥ የራሱን ስንኝ ሊያኖርበት ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

ዛሬ በሐይቅና በውጫሌ እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ዘፈን የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው። ሚሞሪ በሚሞላበት ሱቅ የድሮው ካሴትና የአዲሱ ቅጂ ተደባልቆ ይጫናል፤ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም፣ የማሲንቆ መቺው ስም፣ የተቀዳበት ዘመን አይጻፍበትም፤ «አምባሰል» ይላል፤ ሁለተኛው «አምባሰል 2» ይላል። ሸክላው ለባለሙያው የሰጠው ስም በዚህ ተወሰደበት። ስለዚህ የዛሬው የአድማጮች ክርክር የሚጀምረው ከቅኝቱም ከግጥሙም በፊት ካለው ጥያቄ ነው፤ ይህ የሚዘፍነው ማን ነው? መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቁት ካሴቱን ኦርጅናሉ በወጣበት ሳምንት የገዙ፣ ከዚያም በፊት አዝማሪውን ተቀበል ብለው ስንኝ የሰጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነርሱ አንደበት የሚገኘውን፣ የትኛው ቅጂ የማን እንደሆነ፣ ማሲንቆው የማን እንደ ነበር፣ የትኛው ስንኝ በየትኛው ሠርግ ላይ እንደ ተሰጠ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ የባህል ሠራተኛ ወይም መምህር ሥራውን ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል፤ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቁታል።